የፕራዶን የኋላ ፍሬን ሸራ በግቢ ውስጥ ስለ መቀየር የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው 120 ወይም 150 የሚባለውን ቶዮታ ላንድክሩዘር ፕራዶ ይዘው የኋላ ፍሬን ሸራውን በገዛ ግቢያቸው ለመቀየር ለሚያስቡ ባለንብረቶች ነው። የመጀመሪያው ሞዴል በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2002 እስከ 2009 ሲመረት ቆይቶ በ150ው ተተክቷል። ሁለቱም በኋላ እግራቸው ላይ ዲስክ (ከጎማው ጋር የሚዞር ክብ ብረት)፣ ሸራዎቹን በዲስኩ ላይ የሚጫን አንድ ፒስተን ያለው ተንሸራታች ካሊፐር፣ እንዲሁም በዲስኩ ቆብ ውስጥ የተደበቀ ራሱን የቻለ የእጅ ፍሬን አላቸው። የኋላ ፍሬናቸው ታምቡር የሆነ ብዙዎቹ ሃይሉክሶችና ሚኒባሶች አሠራራቸው ሌላ ስለሆነ ይህ መመሪያ አይመለከታቸውም። የእጅ ፍሬናቸው በኤሌክትሪክ ሞተር የሚሠራ አዳዲስ መኪኖችም እንዲሁ፤ የእነሱ ፒስተን በኮምፒውተር ካልታዘዘ በኃይል ወደ ኋላ መገፋት የለበትም።

በፕራዶ ላይ ሸራውን ለማውጣት የሚፈታው ቡሎን ሁለት ብቻ ነው። ነገር ግን ከሁለት ቶን በላይ የሚመዝን መኪና አንድ እግሩ ተነሥቶ ሳለ እንዳይንሸራተት ማድረግ፣ ከዚያም በካሊፐሩ ላይ መንሸራተት ያለበትን ክፍል ሁሉ በነፃነት እንዲንሸራተት ማድረግ ከሸራው የበለጠ ጊዜና ጥንቃቄ ይጠይቃሉ። በከተማው ውስጥ ሸራ በሃያ ደቂቃ ተቀይሮ ከጥቂት ወራት በኋላ በአንድ ወገን ብቻ ተበልቶ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ሁለተኛው ሥራ ስለሚዘለል ነው።

የመቀየሪያው ጊዜ መድረሱን የሚያሳዩ ምልክቶች

አብዛኞቹ ሸራዎች ጫፋቸው ላይ ትንሽ የብረት ምላስ አላቸው፤ ሸራው ሲሳሳ ምላሱ ዲስኩን እየነካ የሚያፏጭ ድምፅ ያሰማል። ድምፁ ወደ ብረት ለብረት መፋጨት ከተለወጠ ሸራው አልቆ የተለጠፈበት ብረት ዲስኩን እየበላ ነው ማለት ነው፤ ስለዚህ መኪናውን ማቆም ይገባል። በቸርኬው ክፍተት በባትሪ አብርተው ሲያዩ የሸራው ውፍረት ከብረቱ ውጭ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ከቀረው መቀየሩ ይመረጣል፤ አምራቹ የሚፈቅደው የመጨረሻ ልክ 1 ሚሊ ሜትር ቢሆንም፣ አባይ በረሃን ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ለሚወርድ ሰው በዚያ ልክ መተማመን አይመከርም። ሲመለከቱ የውስጡን ሸራ ለማየት ይሞክሩ፤ ከውጭ የሚታየው ደህና ሆኖ የውስጡ ያለቀበት መኪና ብዙ ነው።

ሌላው ምልክት በዳሽቦርዱ ላይ መታጠፊያና ቁልቁለት ላይ ብልጭ ድርግም የሚለው ቀይ የፍሬን መብራት ነው። ሸራው ባለቀ ቁጥር ፒስተኑ ወደ ውጭ ስለሚወጣ ከኋላው የሚሞላው የፍሬን ዘይት ከማጠራቀሚያው እየቀነሰ ይሄዳል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ዘይት ይጨምራል፤ የተጨመረው ዘይት ግን አዲሱ ሸራ ሲገባ ሞልቶ በመፍሰስ ቀለም ያበላሻል። ከመጨመር በፊት ሸራውን ማየት ይቀድማል።

ሸራ ሲገዙ

ሶማሌ ተራም ሆነ ሌላ ቦታ ሲሄዱ የሻንሲ ቁጥሩን ይያዙ፤ ከተቻለም አሮጌውን ሸራ ወይም ጥርት ያለ ፎቶውን ይውሰዱ፤ የፊትና የኋላ ሸራ፣ የ120ና የ150 ሸራ በዓይን ተመሳስለው በመጠን ይለያያሉና። አንድ ሙሉ ስብስብ ለሁለቱም የኋላ እግር የሚሆኑ አራት ሸራዎችን ይይዛል። ከጀርባቸው የሚለጠፉት ስስ ቆርቆሮዎችና ሸራው የሚንሸራተትባቸው የብረት ክሊፖች አብረው ካልመጡ ለብቻቸው መግዛቱ ይጠቅማል፤ ዋጋቸው ትንሽ ነው፤ ጥቅማቸው ግን ከዋጋቸው ይበልጣል።

በሸራው ጠርዝ ወይም ጀርባ ላይ ከታተሙት ፊደላትና ቁጥሮች መካከል ሁለት ተከታታይ የላቲን ፊደላት ይገኛሉ። የመጀመሪያው ሸራው በመጠነኛ ሙቀት፣ ሁለተኛው ደግሞ በከፍተኛ ሙቀት ያለውን የመያዝ ኃይል ያመለክታል። ኢ የሚለው ፊደል ከ0.25 እስከ 0.35፣ ኤፍ ከ0.35 እስከ 0.45፣ ጂ ደግሞ ከ0.45 እስከ 0.55 የሚደርስ የሰበቃ መጠን ማለት ነው። ስለዚህ ኤፍ ኢ የተጻፈበት ሸራ ቀዝቃዛ ሳለ ደህና ይይዝና ሲግል ይላላል፤ ረጅም ቁልቁለት ለሚያዘወትር መኪና ሁለተኛው ፊደል ከመጀመሪያው ዝቅ ያለበትን አለመግዛት ነው። ፊደሉ ስለ ዕድሜውና ስለ ድምፁ ምንም አይናገርም፤ ሐሰተኛ ማሸጊያ ላይም ማንም ሊያትመው ይችላል። በጥፍር ሲጫር የሚፈረፈር፣ ከብረቱ ጋር የተጣበቀበት መስመር ክፍተት የሚታይበት፣ ወይም የብረቱ ጠርዝ ያልተስተካከለ ሸራ በማንኛውም ስም ቢሸጥ አይግዙት።

መሣሪያ

ለጎማው ዳዶ 21 ቁጥር ቡሶላ፣ ለካሊፐሩ ቡሎን እንደ መኪናው ዓመት 14 ወይም 17 ቁጥር ቡሶላና ፒኑን የሚይዝ ቀጭን ቁልፍ፣ ቢያንስ 3 ቶን የሚያነሣ ክሪክ፣ 3 ቶን የሚሸከም የብረት ካቫሌቶ (የተነሣ መኪና መደገፊያ)፣ ሦስት ጥንድ ታኮ (ጎማ እንዳይንከባለል ማገጃ)፣ አንድ ሞርሳ (ፒስተኑን መግፊያ ማጥበቂያ)፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ካሊብሮ (የውፍረት መለኪያ)፣ የፍሬን ማጽጃ ፈሳሽ፣ መርፌ የሌለው ትልቅ ስሪንጅ፣ ጠንካራ ሽቦ፣ የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ የቶርክ ቁልፍ፣ ማሸጊያው ያልተከፈተ ዶት 3 የፍሬን ዘይት፣ ጓንት፣ መነጽርና የአፍንጫ መሸፈኛ ያስፈልጋሉ። ለፍሬን ተብሎ የተዘጋጀ፣ ሙቀት የሚችልና ጎማ የማያበላሽ ሲሊኮን ግራሶ ለብቻው ይገዛል። ለኩሽኔታ የሚቀባው ተራ ግራሶ የፒኑን ጎማ ያሳብጠዋል፤ ያበጠው ጎማ ደግሞ ፒኑን ቀፍድዶ ይይዘዋል። ይህን ግራሶ በጣት አንሥቶ ፒን ላይ የሚለቀልቅ ሰው ሥራውን ባይነካው ይሻል ነበር።

ድንጋይ፣ ጡብና ብሎኬት የካቫሌቶን ቦታ አይተኩም። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ስለሆነ ሸክሙ በአንድ ነጥብ ላይ ሲያርፍበት ያለ ማስጠንቀቂያ ይፈርሳል። ክሪክም ለማንሻ እንጂ ለመደገፊያ አልተሠራም፤ የዘይት ክሪክ ዘይቱን የሚያግደው ጎማ (ጎሚኒው) ካለፈበት ቀስ እያለ፣ አንዳንዴም በአንድ ጊዜ፣ ሊወርድ ይችላል።

መኪናውን ማቆምና ማንሣት

ደልዳላና ጠንካራ መሬት ይምረጡ። ግቢው ኮብልስቶን ወይም አፈር ከሆነ ከክሪኩና ከካቫሌቶው ሥር ሰፊና ወፍራም ጣውላ ያንጥፉ። የፕራዶ የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላ እግሮችን ብቻ ነው። ሁለቱ የኋላ ጎማዎች አብረው ከተነሡ የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው ነገር በአየር ላይ ያለ ጎማ ስለሚሆን መኪናውን አያቆመውም። ማርሹን ፒ ላይ ማድረግም ብቻውን አይበቃም፤ ፕራዶ አራቱንም እግር ሁልጊዜ የሚነዳ በመሆኑ በፊትና በኋላ መካከል ኃይሉን የሚያካፍል ማዕከላዊ ዲፈረንሻል አለው፤ አንድ ጎማ ሲነሣ ያ ጎማ በነፃ ስለሚዞር መኪናው በፒ ቆሞም ቢሆን ሊንከባለል ይችላል። ስለዚህ የማዕከላዊው ዲፈረንሻል መቆለፊያ መግባት አለበት። ቁልፉን ሲጫኑት መብራቱ ብልጭ ድርግም ብቻ ካለ ጥቂት ሜትር ወደ ፊትና ወደ ኋላ ነድተው መብራቱ ቋሚ እስኪሆን ይጠብቁ። የኃይል ማከፋፈያው ማርሽ ኤን (ገለልተኛ) ላይ አለመሆኑንም ያረጋግጡ። ባለ ማንዋል ካምቢዮ ከሆነ አንደኛ ማርሽ ያስገቡ።

ከዚህ በኋላ ሁለቱንም የፊት ጎማዎች ከፊትም ከኋላም ታኮ ያድርጉ፤ የእጅ ፍሬኑንም ይሳቡ። በዚህ መመሪያ የሚነሣው በአንድ ጊዜ አንድ የኋላ ጎማ ብቻ ስለሆነ መሬት ላይ የቀረው የኋላ ጎማ ይይዛል። የኋላው በአየር የሚነሣና የሚወርድ ሞዴል ከሆነ ሞተሩ ሳይጠፋ የከፍታ መቆጣጠሪያውን ያጥፉ፤ አለበለዚያ መኪናው በካቫሌቶ ላይ ሳለ ከፍታውን ለማስተካከል ሊሞክር ይችላል። ቀጥለው ሞተሩን ያጥፉ፣ ቁልፉን አውጥተው ኪስዎ ውስጥ ይክተቱ።

ስድስቱን ዳዶዎች ጎማው መሬት ላይ ሳለ በግማሽ ዙር ያላሉ። ክሪኩን ከሞላው መቀመጫ አጠገብ ባለው የኋላ አክስል ቱቦ ሥር ያስገቡ፤ በአክስሉ ላይ የተዘረጋው ቀጭን የፍሬን ቧንቧ በክሪኩ ራስና በአክስሉ መካከል እንዳይጨፈለቅ ጎንበስ ብለው ይመልከቱ። ጎማው ከመሬት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ሲነሣ ካቫሌቶውን በዚያው አክስል ሥር አስገብተው ሸክሙን ቀስ ብለው ያሳርፉበት፤ ክሪኩም ሳይወጣ በትንሹ ተደግፎ ይቆይ። መኪናውን በእጅዎ ገፋ ገፋ ያድርጉት፤ ንቅንቅ ካለ ወደ ታች አውርደው እንደገና ይጀምሩ። የወጣውን ጎማ በጎኑ አጋድመው ከሻንሲው ሥር ያስገቡት፤ ምናልባት ካቫሌቶው ቢንሸራተት መኪናው በጎማው ላይ ያርፋል።

ከመፍታት በፊት ያለ አንድ ቅድመ ጥንቃቄ

አንዳንድ ፕራዶዎች የፍሬን ማገዣቸው በሞተሩ የአየር ሳብ የሚሠራ ሳይሆን በኤሌክትሪክ ፓምፕ የሚሞላ የዘይት ግፊት ማጠራቀሚያ ያለው ነው። ቁልፍ ሲከፈት ከኮፈኑ ሥር ለጥቂት ሰከንድ የሚያጉረመርም ፓምፕ የሚሰማ ከሆነ መኪናዎ ይህ ዓይነት ነው። እንዲህ ባለው መኪና ላይ ቁልፉ ጠፍቶ ፔዳሉን ቢያንስ 40 ጊዜ በመርገጥ የተጠራቀመውን ግፊት ያስወጡ። ግፊቱ ሲወጣ ዘይቱ ወደ ማጠራቀሚያው ስለሚመለስ ልኩ ከፍ ብሎ ይታያል፤ ከመጠን በላይ ከሆነ በስሪንጅ ይቀንሱ። ካሊፐሩ ተፈትቶ ሳለ ማንም ቁልፍ እንዳይከፍትና ፔዳል እንዳይረግጥ ለቤተሰቡም ይንገሩ፤ ፒስተኑ ከቤቱ ተፈናጥሮ ሊወጣ ይችላል።

የፍሬን ብናኝ በአየር ግፊት አይነፋም፤ በአሮጌና በርካሽ ሸራዎች ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ስለሚችል በማጽጃ ፈሳሽ አርጥበው በጨርቅ ይጥረጉት፤ ጨርቁንም በላስቲክ ቋጥረው ይጣሉ።

ካሊፐሩን መፍታትና ማንበብ

አንዱን ወገን ሙሉ በሙሉ ሳይጨርሱ ሌላውን አይፍቱ። ያልተፈታው ወገን የክሊፕና የምላስ አቀማመጥ ሲጠፋብዎት የሚያዩት ሞዴል ይሆናል፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ሁለቱ የኋላ ፒስተኖች በአንድ የዘይት መስመር የተገናኙ ስለሆኑ፣ ሁለቱም ተፈትተው ሳለ አንዱ ሲገፋ ሌላው ሊወጣ ይችላል።

ካሊፐሩን ከተንሸራታች ፒኖቹ ጋር የሚያያይዙትን ሁለት ቡሎኖች ይፍቱ፤ ፒኑ አብሮ ከዞረ በቀጭኑ ቁልፍ ይያዙት። ካሊፐሩ እንቢ ካለ ካቻቪቴ በቀዳዳው አስገብተው ሸራውን በትንሹ ወደ ኋላ ገፋ ማድረግ ያላላዋል። ከወጣ በኋላ በፍሬን ሆዙ ተንጠልጥሎ እንዳይቀር በሽቦ ከሞላው ጋር ይሰሩት፤ ሆዙ ከውስጥ ቢቀደድ ከውጭ ምንም ሳይታይ ዘይት ማስተላለፉን ያቆማል።

አሮጌዎቹን ሸራዎች ከመጣልዎ በፊት ጎን ለጎን አስቀምጠው ይመርምሯቸው፤ ስለ ካሊፐሩ ጤና ከእነሱ የተሻለ ምስክር የለም። የውስጡ ሸራ ከውጪው በጣም ቀጥኖ ከተገኘ አብዛኛውን ጊዜ ፒኖቹ ደርቀው ካሊፐሩ መንሸራተቱን አቁሟል። አንዱ ሸራ በአንድ ጫፉ ወፍሮ በሌላው ቀጥኖ የሽብልቅ ቅርጽ ከያዘ በክሊፖቹ ውስጥ ተቀርቅሯል ማለት ነው። የአንዱ እግር ሁለቱም ሸራዎች ከሌላው እግር ይልቅ ቶሎ ካለቁ ደግሞ ፒስተኑ አልመለስ ብሏል፣ ወይም ሆዙ ከውስጥ ተዘግቷል። በእኛ አገር መንገድ የፊት ጎማ የሚያነሣው አቧራና ጭቃ የኋላ ካሊፐሮች ላይ ስለሚራገፍ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ችግሮች የኋላ እግር ላይ አዘውትረው ይታያሉ።

ዲስኩን ሳይለኩ አይለፉ። በ120ው ላይ የኋላ ዲስክ አዲስ ሲሆን 18 ሚሊ ሜትር፣ የመጨረሻ ልኩ 16 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሚፈቀደው ትንሹ ልክ በራሱ በዲስኩ ላይ ተቀርጾ ስለሚገኝ ወሳኙ እሱ ነው። በጠርዙ ላይ ያልተበላ ከንፈር ስለሚቀር ካሊብሮውን በዚያ ላይ ካሳረፉ ዲስኩ ከእውነቱ ወፍሮ ይነበብልዎታል፤ ወደ ውስጥ አስገብተው ሸራው የሚነካውን ቦታ ይለኩ። ስንጥቅ ወይም በሙቀት የጠቆረ ሰማያዊ ነጥብ ካለ ይቀየር። ዲስኩን ማውጣት ካስፈለገ ሌላኛውንም የኋላ ጎማ ከፊትም ከኋላም በደንብ ታኮ አድርገው የእጅ ፍሬኑን ይልቀቁ፤ ከዚያም በዲስኩ ቆብ ላይ ባሉት ሁለት ባለ ጥርስ ቀዳዳዎች 8 ሚሊ ሜትር ቡሎን እኩል እያጠበቁ ገፍተው ያስወጡት። በመዶሻ ደጋግሞ መምታት ኩሽኔታውን ይጎዳል። የእጅ ፍሬኑ ደካማ ከሆነ መፍትሔው በቆቡ ውስጥ ያለው ሌላ ሸራ ስለሆነ የዲስክ ሸራ መቀየሩ እንደማያሻሽለው ይወቁ።

ማጽዳት፣ መገጣጠም

አሮጌዎቹን ክሊፖች ነቅለው ከሥራቸው ያለውን ዝገት ብረቱ እስኪታይ በሽቦ ብሩሽ ይፈግፍጉ፤ ዝገቱ ክሊፑን ከሥር እየገፋ የሸራውን መተላለፊያ ያጠብበዋልና። አዲሱን ክሊፕ አስገብተው አዲሱን ሸራ ያለ ግራሶ ይሞክሩት፤ በጣት ሲገፋ መሄድ አለበት። በመዶሻ ብቻ የሚገባ ሸራ በመዶሻ ብቻ ነው የሚመለሰው።

ፒኖቹን አንድ በአንድ ያውጡ። አንደኛው ጫፉ ላይ ጎማ ያለበት ሌላኛው የሌለበት ሊሆን ስለሚችል ላይና ታቹን አያቀያይሩ። በማጽጃ ፈሳሽ አጥበው ያድርቋቸው፤ ጭረት ወይም የዝገት ጉድጓድ ካለባቸው ይቀየሩ። ቀዳዳውንም ከአሮጌው ግራሶ ያጽዱ፤ ሲሊኮኑን ስስ አድርገው ቀብተው ፒኑን ይመልሱ፤ የጎማ ከለላው በጎድጎዱ ውስጥ በትክክል መቀመጡን ይመልከቱ። ፒኑ በሁለት ጣት ተይዞ ያለ ችግር መግባትና መውጣት አለበት።

ፒስተኑን ለመመለስ የማጠራቀሚያውን ክዳን ከፍተው ዙሪያውን ጨርቅ ያልብሱ፤ አሮጌውን የውስጥ ሸራ ፒስተኑ ላይ አስደግፈው ሞርሳውን ቀስ እያሉ ያጥብቁ። የዚህ መኪና የኋላ ፒስተን የእጅ ፍሬን ሥራ ስለሌለው ቀጥ ብሎ ይገባል፤ በብዙ ትናንሽ መኪኖች ላይ እንደሚደረገው እያዞሩ ማስገባት አያስፈልግም። የማጠራቀሚያው ልክ ወደ ጫፉ ሲቃረብ በስሪንጅ ይቅዱ። ቀለም ላይ የፈሰሰ ዘይት ወዲያውኑ በብዙ ውኃ ይታጠብ። ፒስተኑ አልገባም ካለ፣ የአቧራ ጎማው ከተቀደደ ወይም ዙሪያው በዘይት ከረጠበ ሥራውን እዚህ ላይ አቁመው ካሊፐሩን ማሳደስ ይሻላል።

ስስ ቆርቆሮዎቹን ሸራው ጀርባ ላይ ያድርጉ፤ ሸራው ክሊፑን የሚነካባቸውን ጆሮዎችና የቆርቆሮውን ጀርባ በጣም በስሱ ግራሶ ይቀቡ። ግራሶ ወይም የእጅ ወዝ ዲስኩን ወይም የሸራውን ፊት ከነካ በማጽጃ ፈሳሽ ያጽዱት። ምላስ ያለውን ሸራ አሮጌው በነበረበት ቦታና አቅጣጫ ያስገቡ። ካሊፐሩን መልሰው ቡሎኖቹን በእጅ ያስጀምሩ፤ ከዚያም ለመኪናዎ ዓመት በጥገና መጽሐፉ በተሰጠው ኃይል በቶርክ ቁልፍ ያጥብቁ። ዲስኩን በእጅ አዙረው ሆዙ አለመጠማዘዙን ይዩ።

ጎማውን መልሰው ዳዶዎቹን ፊት ለፊት የሚተያዩትን እያፈራረቁ በእጅ ያጥብቁ፤ መኪናው ከወረደ በኋላ በ112 ኒውተን ሜትር ይጨርሱ። ቁልፉ ላይ ቱቦ ቀጥሎ በእግር መርገጥ የተለመደ ቢሆንም የጎማውን ቡሎን ይስባል፤ ያልተስተካከለ ጥበቃም ዲስኩን እንዲጣመም ሊያደርገው ይችላል። አሁን ወደ ሁለተኛው ወገን ይሻገራሉ፤ ክሪኩን፣ ታኮውንና ካቫሌቶውን በተመለከተ የተባለው ሁሉ እንደገና ይደረጋል።

ከመንቀሳቀስ በፊትና በኋላ

ሁለቱም ወገኖች ካለቁ በኋላ ሞተሩን ሳያስነሡ ፔዳሉን በግማሽ ርቀት፣ ቀስ እያሉ፣ እስኪጠነክር ይርገጡ። በአንድ ጊዜ እስከ ወለሉ መርገጥ በአሮጌ መኪና ላይ የዋናውን ፓምፕ ጎሚኒ ወደማይደርስበት ዝገት ቦታ ገፍቶ ሊቀደው ይችላል። የመጀመሪያዎቹ እርግጫዎች ባዶ ናቸው፤ ፒስተኑ ገና ወደ ሸራው እየተጠጋ ነውና። ይህን ዘሎ ማርሽ ያስገባ ሰው የግቢውን በር ሊገጭ ይችላል። ዘይቱን እስከ ላይኛው ምልክት አስተካክለው ክዳኑን ይዝጉ፤ ባለ ፓምፕ ማገዣ ከሆነ ቁልፉን ከፍተው ፓምፑ እስኪቆም ይጠብቁና ልኩን እንደገና ይዩ። ፔዳሉ ከብዙ እርግጫ በኋላም እንደ ስፖንጅ ከለሰለሰ መስመሩ ውስጥ አየር ስላለ አየሩ ሳይወጣ መኪናው አይነዳም። የማዕከላዊ ዲፈረንሻሉን መቆለፊያ መክፈት አይርሱ።

አዲስ ሸራ ዲስኩን እስኪለምድ ድረስ ሙሉ አቅሙን አይሰጥም። ሰው በሌለበት ቀጥ ያለ መንገድ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነድተው በመጠነኛ ኃይል እስከ 10 ያቀዝቅዙ፤ ሳይቆሙ እንደገና ፍጥነት ጨምረው፣ በየመካከሉ ግማሽ ደቂቃ ያህል እየነዱ ይህን አሥር ጊዜ ያህል ይድገሙ። ከዚያ ፍሬን ሳይዙ ለጥቂት ደቂቃ ነድተው ያቀዝቅዙት። የጋለ ፍሬን ቆሞ ሲያዝ ሸራው በዲስኩ ላይ አንድ ቦታ ስለሚያትም ኋላ ላይ ፔዳሉ ይንቀጠቀጣል። ከመውረድዎ በፊት ሁለቱን የኋላ ቸርኬዎች እጅዎን ሳያስነኩ በቅርብ ሆነው ያነጻጽሩ፤ አንዱ ወገን ብቻ ከልክ በላይ የሚፋጅ ሙቀት የሚያወጣ ከሆነ የዚያ ወገን ፒን ወይም ፒስተን አልለቀቀም፤ ተመልሶ መፈታት አለበት። ከ100 ኪሎ ሜትር ያህል ጉዞ በኋላ ደግሞ ሁሉንም ዳዶዎች በዚያው በ112 ኒውተን ሜትር እንደገና ይፈትሹ።